የቀንድ አውጣው ጠርሙስ፦ የሕግ ተማሪን ከኮመን ሎው ጋር ማስተዋወቂያ

የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ የእንግሊዝ ፍርድ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ መጨረሻው ገጽ መዝለል ነው። አንቀጽ ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ሙሉ «በአንቀጽ እንዲህ እንደተደነገገው» እያለ ስለከረመ፣ ስልሳ ገጽ ውስጥ ቁጥር ያለው ድንጋጌ ሲያጣ ግራ ይገባዋል። ከዚያ አንዲት የምታምር ዓረፍተ ነገር ነጥቆ ያወጣና «ሕጉ ይህ ነው» ብሎ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። ኮመን ሎውን፣ ማለትም በዳኞች ፍርድ የተገነባውን የእንግሊዝ ሕግ፣ የማስተማር ሥራ ግማሹ ይህን ልማድ ማስጣል ነው።

ይህን ያዘጋጀነው ባሕር ዳር ላይ የጥናት ቡድን ለሚይዙ ረዳት መምህራን፣ ለአንጋፋ ተማሪዎችና ለምስለ ችሎት አሠልጣኞች ነው። አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ። ተማሪው ከ20 እስከ 24 ሰው ይሁን፣ በአራት ቡድን ተከፍሎ ይቀመጥ። ከዚያ ከበለጠ ለሁለት ክፈሉት፤ ሥራው ክርክር ስለሆነ አርባ ሰው ባለበት ክፍል አምስቱ ይናገራሉ፣ የቀረው ይጽፋል። ሰዓቱንም አስቡበት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፍርድ ማስነበብ ተማሪን ማስተኛት ነው፤ ጠዋት 2፡30 ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ይሻላል። የሚነበበውን ሁሉ መብራት ባለበት ቀን አስቀድማችሁ አትሙ።

መጀመሪያ ችሎት ይግቡ

ቦርዱ ላይ «ኮመን ሎው ማለት…» ብላችሁ አትጀምሩ። ተማሪው ትርጓሜውን ይሸመድደዋል፣ ለፈተናም ይሆነዋል፣ ፍርድ ለማንበብ ግን አይጠቅመውም። ይልቅ ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ባለው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የወንጀል ችሎት ገብቶ ምስክር ሲሰማ ይከታተል። ከተማው ውስጥ ከወረዳ እስከ ክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስላለ ችሎት አይጠፋም። ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ ሃያ ተማሪ አንድ ጠባብ ችሎት ውስጥ ከገባ ምስክሩም ይደነግጣል፣ ዳኛውም ደስ አይላቸውም። የዕለቱን የቀጠሮ ዝርዝር ሳያዩ የሄዱ ብዙ ጊዜ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ሰምተው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ ምስክር የሚሰማበትን መዝገብ አስቀድመው ይጠይቁ።

ይዘው የሚገቡት አንድ ወረቀት ነው፣ በሦስት ዓምድ የተከፈለ፦ ዋና ጥያቄ፣ መስቀለኛ ጥያቄ፣ ድጋሚ ጥያቄ። በየዓምዱ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች ቃል በቃል ይጻፉ፤ መልሱን ራሱ ውስጥ የያዘ ጥያቄ ሲመጣ ከጎኑ «መሪ» ብለው ምልክት ያድርጉ። የባለጉዳዮችን ስም አይጻፉ።

ክፍል ሲገቡ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 137 አስነብቡና ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ። በዋና ጥያቄ መሪ ጥያቄ ያለፍርድ ቤቱ ፈቃድ አይቻልም፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ይቻላል፣ ድጋሚ ጥያቄ በመስቀለኛው የተነሣውን ለማብራራት ብቻ ነው። ይህን ካዩ በኋላ ይህ የክርክር አካሄድ የመጣው ከኮመን ሎው እንደሆነ ንገሯቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀለኛ መቅጫውን ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ናቸው፤ የሥነ ሥርዓት ሕጎቻችን ግን ከእንግሊዝ ቤት፣ በተለይ ሕንድ ላይ ከተጻፈው፣ ብዙ ወስደዋል። ተማሪው ኮመን ሎውን ሊማር ሲመጣ ግማሹን ችሎት ውስጥ አይቶት ነው የመጣው።

ታሪኩ ከአሥር ደቂቃ አይለፍ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙ። ከ1154 እስከ 1189 የነገሠው ዳግማዊ ሄንሪ ዳኞቹን በየአውራጃው እያዞረ ያስችል ነበር፤ ዳኞቹም የየአካባቢውን ልማድ እየሰሙ፣ እርስ በርስ እየተመካከሩ፣ ለመላው አገር አንድ የሆነ ሕግ አወጡ። «ኮመን» የተባለው ለሁሉም የጋራ ስለሆነ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማነጻጸሪያ ጣል አድርጉ። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3347 ሕጉ በሸፈነው ጉዳይ ላይ የነበረውን ልማድ በአንድ ብዕር ሻረው፤ እንግሊዞቹ ዳኞች ልማዱን እያበጠሩ ሕግ አደረጉት። ስለ ኤኩቲ፣ ማለትም የኮመን ሎውን ግትርነት ለማለዘብ በርትዕ ላይ ስለቆመው ሕግ፣ አሁን ብዙ አትናገሩ። የተለየ ፍርድ ቤት እንደነበረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1873 እስከ 1875 በወጡ ሕጎች ከኮመን ሎው ፍርድ ቤቶች ጋር እንደተዋሐደ ከተናገራችሁ ለዚህ ደረጃ በቂ ነው።

ጠርሙሱ

ለሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ፍርድ ብቻ ያዙ፦ ዶነሁ እና ስቲቨንሰን፣ እ.ኤ.አ. 1932። አራት አምስት ፍርድ ማግበስበስ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ተማሪው ሁሉንም በማጠቃለያ ያነብና አንዱንም አያነብም። ሙሉው ፍርድ ስልሳ ገጽ ገደማ ስለሆነ አሥር ገጽ ያህሉን አባዙ። የክርክሩ ፍሬ ነገር የተነገረበት ይግባ፤ ከአብላጫው ዳኞች አንዱ ከሆነው ከሎርድ አትኪን ከገጽ 578 እስከ 583 እና ገጽ 599፤ ከሎርድ ባክማስተር የልዩነት ሐሳብ ደግሞ ሁለት ገጽ። ከሦስት ቀን በፊት ስጧቸው፣ በወረቀት። ስልክ ላይ ያነበበ ተማሪ አያሰምርም፣ ጠርዝ ላይም አይጽፍም።

ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 26 ቀን 1928 ምሽት፣ ፔዝሊ በተባለች የስኮትላንድ ከተማ፣ አንዲት ሴት ከጓደኛዋ ጋር ካፌ ገባች። ጓደኛዋ አይስክሬምና የዝንጅብል ለስላሳ አዘዘችላት፤ የከፈለችውም ጓደኛዋ ናት። ጠርሙሱ ጥቁር፣ ውስጡ የማይታይ ነው። ከመጠጡ ከፊሉ ተቀድቶ ተጠጣ። የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ብቅ አለ። ሴትየዋ ታመምኩ ብላ ካፌውን ትታ አምራቹን ከሰሰች።

ተማሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። መጠጡ በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ «ቢር» የሚል ስላለበት ቢራ አድርገው ይተረጉሙታል፤ አልኮል የለውም። «ሎርዶች» ሲባል ፓርላማው ድምፅ የሰጠ ይመስላቸዋል፤ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት በላይኛው ምክር ቤት ስም የሚያስችሉ ዳኞች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2009 ጀምሮ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተተክቷል። የእንግሊዝ ጉዳይ ነው ይላሉ፤ የስኮትላንድ ነው፣ መርሑ ግን ለሁለቱም አንድ ነው ተብሎ ተወስኗል። ከሁሉ የሚከፋው «ቀንድ አውጣ መገኘቱ ተረጋግጦ ተፈረደላት» የሚለው ነው። አልተረጋገጠም። ክርክሩ «ያለችው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ የምትከስበት ሕግ አላት ወይ» በሚል የሕግ መቃወሚያ ላይ ነበር፤ ምስክር ሳይሰማ ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ይህን ለተማሪ ማስረዳት ቀላል ነው፣ የእኛን የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ያውቃልና።

በካፌው ላይ ክሷን ለምን አልገፋችበትም? ይህን ጥያቄ መልሱን ሳትነግሩ ለቡድኖቹ ስጡና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ውል የለም፤ ከካፌው ጋር የተዋዋለችው ከፋይዋ ጓደኛዋ ናት። ባለ ካፌውም የታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያይበት መንገድ የለውም። የፍርዱ ክብደት ያለው «ጓደኛዋ ከፈለች» በምትለው ትንሽ ፍሬ ነገር ላይ ነው። ያንን ያላሰመረ ተማሪ ፍርዱን እንዳላነበበ ቁጠሩት።

ባልንጀራ እንጂ ጎረቤት አይደለም

ገጽ 580 ላይ አትኪን የሚጠቀምበትን ቃል ተማሪዎች «ጎረቤት» ብለው ይተረጉሙትና አጥር ለአጥር የሚኖር ሰው ፍለጋ ይገባሉ። ቃሉ የመጣው ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ነው የሚለው። ጠያቂው ራሱ ሕግ አዋቂ እንደነበር አስታውሷቸው። አትኪን «ውደድ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ «አትጉዳ» አወረደው፤ ባልንጀራ ማለትም በሥራዬ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሜ ላስበው የሚገባኝ ሰው ነው አለ።

እዚህ ላይ ቁም በሉ። ተማሪው ደብተሩ ላይ የሚገለብጣት ዓረፍተ ነገር ይህችው ናትና። በዚያ ክስ ላይ የወሰነችው ግን እሷ አይደለችም። አንድ ፍርድ ሁለት ዓይነት ንግግር ይይዛል፦ ጉዳዩን ለመወሰን ያስፈለገው ምክንያት ሬሺዮ ይባላል፤ እግረ መንገድ የተባለው ኦቢተር። የበታች ፍርድ ቤትን የሚያስረው ሬሺዮው ብቻ ነው። ኦቢተሩ ሊያሳምን ይችላል፣ አያስገድድም።

ስለዚህ ገጽ 599ን አስከፍቷቸው። በዚያ ላይ ያለው ጠባብ ነው። ዕቃን ከእጁ በወጣበት መልክ የመጨረሻው ተጠቃሚ ዘንድ እንዲደርስ አድርጎ የሚሸጥ አምራች፣ በመካከል ሊመረመር የሚችልበት ተገቢ ዕድል ከሌለና ሳይጠነቀቅ ቢያዘጋጀው ተጠቃሚው እንደሚጎዳ እያወቀ፣ ለተጠቃሚው የጥንቃቄ ግዴታ አለበት።

ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ ሬሺዮውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ከሚመጡት አንዱ እንዲህ ያለ ይሆናል፦ «ማንኛውም ሰው ሌላውን ላለመጉዳት መጠንቀቅ አለበት።» ሌላው ደግሞ፦ «የዝንጅብል ለስላሳ አምራች ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ቀንድ አውጣ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት።» ሁለቱንም ቦርዱ ላይ ጻፉ። የመጀመሪያው እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ሐኪሙንም ሹፌሩንም ይጠቀልላል፤ ሁለተኛው ነገ ሌላ ቀንድ አውጣ እስኪመጣ አያገለግልም። ሥራው በሁለቱ መካከል ነው፦ የትኛው ፍሬ ነገር ቢወጣ ውሳኔው ይለወጥ ነበር? ዝንጅብሉ ቢወጣ አይለወጥም። መታሸጉ ቢወጣ ይለወጥ ይሆናል። የሚቀረው እየተነጠረ የሚወጣው ነው።

የልዩነት ሐሳቡን ዝለሉት የሚል ፈተና ይመጣል፤ አትዝለሉት። ውሳኔው 3 ለ 2 ነው። ባክማስተር የፈራው አንድ እርምጃ ከተፈቀደ ሃምሳው ለምን ይከለከላል የሚለውን ነበር። ተማሪው የአብላጫውን ሬሺዮ ስፋት የሚለካው በዚህ ፍርሃት ነው።

አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ለውጡ

ከዚህ በኋላ ጠርሙሱን ወደ ጣና ዳር አምጡት። ሕጉ አንድ ነው፦ በእያንዳንዱ ዙር የሚለወጠው አንድ ፍሬ ነገር ብቻ። ሁለት ከለወጣችሁ መልሱ የተለወጠው በየትኛው እንደሆነ አይታወቅም፣ ክርክሩም ይበተናል።

ጠርሙሱ ውስጡ የሚታይ ይሁን። አሁን አስተናጋጁ ሊያይ ይችል ነበር? በመሸ ብርሃን? ቀጥሎ፣ ጠርሙሱ ጥቁር ሆኖ አስተናጋጁ ጓዳ ከፍቶ በጆግ ቀድቶ ያቅርበው። ቀጥሎ፣ መጠጡ ጠላ ይሁን፤ ባለቤቲቱ ራሷ ጠምቃ፣ ራሷ በጣሳ የቀዳችው፣ ሒሳቡን የከፈለው ግን ጓደኛ። አምራችና ሻጭ አንድ ሲሆኑ «በመካከል» የሚባል ቦታ አለ?

የመጨረሻው ዙር ዓሣው ነው፤ ለዚህ ግማሽ ሰዓት መድቡ። አንድ ሰው ጓደኛው ጋብዞት ሐይቅ ዳር አምባዛ ጉላሽ ይበላል። ከቁራጩ ውስጥ የቀረ የመንጠቆ ጫፍ ጉሮሮው ላይ ይሰካል። አንዱ ቡድን ለበሊው፣ ሁለተኛው ለአሥጋሪው፣ ሦስተኛው ለምግብ ቤቱ ይቁም፤ አራተኛው ዳኛ ይሁን። ዝግጅት 12 ደቂቃ፣ ንግግር ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ። ዳኞቹ መሐል ገብተው ይጠይቁ፤ ኮመን ሎው ችሎት ውስጥ ጠበቃ ንግግሩን ሳይቋረጥ አይጨርስም፣ በምስለ ችሎት ውድድርም እንደዚያው ነው።

ክርክሩ ወዴት መሄድ እንዳለበት እናንተ እወቁት። አሥጋሪው «አምራች» ነው ወይ የሚለው የመጀመሪያው በር ነው፤ መረቡንና መንጠቆውን የጣለ ሰው ዓሣውን አልሠራውም። ጎበዙ ቡድን ግን ገጽ 599 ላይ ያለው «ማዘጋጀት» የሚለው ቃል ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛው በር ጓዳው ነው፦ ጉላሽ እየተገነጠለ በቢላ ስለሚከተፍ በመካከል የመመርመር ዕድል አለ፣ እንዲያውም ከዕድልም በላይ ነው፤ እጅ ገብቶበታል። ስለዚህ በዶነሁ ላይ ብቻ ከቆመ በአሥጋሪው ላይ ያለው ክስ ደካማ ነው፣ በምግብ ቤቱ ላይ ያለው ጠንካራ። «ዶነሁ እዚህ አይሠራም» ማለትን በዚህ ይማሩታል፤ ቀድሞ የተፈረደውን ሳይነቅፉ፣ በፍሬ ነገር ልዩነት ማለፍ። ይህ የኮመን ሎው ጠበቃ የዕለት እንጀራ ነው።

ከዚያ በኋላ ብቻ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 2085 አስከፍቱ። ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ ይችል ከነበረ ግን አይጠየቅም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጉርምርምታ ያስደስታል። የመጀመሪያው ንዑስ አንቀጽ ከአትኪን አልፎ ይሄዳል፣ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግምና፤ ሁለተኛው ግን የአትኪን «በመካከል መመርመር» የቅርብ ዘመድ ነው። እንግሊዝ ለተመረተ ዕቃ ያለ ጥፋት ኃላፊነትን በሕግ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ የእኛ ሕግ የ1952 ዓ.ም. ነው። «ኮመን ሎው አገር ሁሉ ነገር በዳኛ ነው፣ የተጻፈ ሕግ የለም» የሚለውንም ተረት በዚሁ አስጥሏቸው።

ጊዜ ከተረፈ እ.ኤ.አ. የ1936ቱን የአውስትራሊያ ሱፍ ጉዳይ ጨምሩ። ከሱፍ በተሠራ የውስጥ ልብስ ላይ በቀረ ኬሚካል አንድ ሰው ቆዳው ተጎዳ፤ ለንደን የተቀመጠው፣ ያኔ ከአውስትራሊያ የሚመጣ ይግባኝ የሚሰማው ፕሪቪ ካውንስል ዶነሁን ተከትሎ አምራቹን ኃላፊ አደረገ። መጠጥ አይደለም፣ እንደ ጠርሙሱም አልታሸገም። ባክማስተር ከፈራቸው ሃምሳ እርምጃዎች የመጀመሪያዋ ይህች ናት።

እነሱ ዘንድ ያለው አስገዳጅነትና የእኛ ሰበር

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው ከፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። በአዋጅ 454/1997፣ አሁን ደግሞ በአዋጅ 1234/2013 አንቀጽ 10፣ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ተማሪው ይህን ያውቃልና «እኛም ፕሪሲደንት (በኋላ የሚመጣን ጉዳይ የሚያስር የቀድሞ ፍርድ) አለን» ይላል። ግማሹን እውነት ይዟል። የእኛው አስገዳጅ የሆነው አዋጅ አስገዳጅ ስላደረገው ነው፤ የእነሱ ግን ከፍርድ ቤት ተዋረድና ከረጅም ልማድ የወጣ ነው። በእኛ የሚያስረው የአንድ ድንጋጌ ትርጉም ነው፤ በእነሱ ድንጋጌ ባይኖርም ውሳኔው ራሱ፣ ከፍሬ ነገሩ ጋር ተጣብቆ፣ ያስራል። ላይኛው ፍርድ ቤት የራሱን ፍርድ ለመለወጥ ያለው ሥልጣንም እንዲሁ ይነጻጸራል፦ ሰበር የቀድሞ ትርጉሙን ሊለውጥ ይችላል፤ የሎርዶች ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ራሱን እንደታሰረ ይቆጥር ነበር፣ በዚያ ዓመት ባወጣው መግለጫ ራሱን ፈታ።

መልመጃው በሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ላይ ይሁን፤ በ2000 ዓ.ም. የተወሰነ የልጅ አስተዳደግ ጉዳይ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስትና አባት ተከራከሩ። የበታች ፍርድ ቤቶች ለአባት ወሰኑ። ሰበር የልጁን ጥቅም አስቀድሞ፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ይዞ ሻረው። ተማሪዎቹ ሬሺዮውን አንድ ጊዜ በጠባቡ፣ አንድ ጊዜ በሰፊው ይጻፉ። በጠባቡ፣ ወላጁ በሌለበት ልጁን ያሳደገ ዘመድ ባለበት ክርክር ብቻ። በሰፊው፣ ሕፃንን በሚመለከት በማንኛውም ጉዳይ። ከዚያ «አባትየው ልጁን አብሮ ያሳደገ ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በየችሎቱ የሰበር ውሳኔ መዝገብ ቁጥሩና አንዲት ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ሲጠቀስ የሚሰማው፣ ፍሬ ነገሩን የሚያይ ስለሚጠፋ ነው። ቀንድ አውጣው ላይ የለመዱት ንባብ ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ነው፤ ለንደን ሄዶ ለመከራከር ብቻ ከሆነ ድካሙ ባልተገባ ነበር።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ግን ብዙ የሚያሳስት ነገር። ያው አዋጅ በአማርኛ 1234/2013፣ በእንግሊዝኛ 1234/2021 ነው። «የ1952ቱ ሕግ» እና «የ1960ው ሕግ» ሁለት የሚመስሏቸው አሉ። በጽሑፋቸው ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጽፉ ዓመት እንዳያስቀምጡ ከመጀመሪያው ቀን አስለምዷቸው።

የመጨረሻውን ቃል ማን ይናገራል?

ለአራተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ምናባዊ ሕግ አዘጋጁ፦ የአገሪቱ ፓርላማ በደንገል ታንኳ ሐይቅ ላይ መቅዘፍን ያለ ምንም ካሣ የሚከለክል ሕግ አወጣ እንበል። ታንከኛው መብቴ ተነካ ብሎ ተነሣ። ሦስት ቡድን ሦስት ከተማ ይያዙ፤ አራተኛው ይመርምር።

ለንደን የቆመው ቡድን ፍርድ ቤቱ የፓርላማን ሕግ ሊሽር እንደማይችል ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የሰብአዊ መብቶች ሕግ አንቀጽ 4 መሠረት «ከመብቶቹ ጋር አይጣጣምም» ብሎ ማወጅ ይችላል፤ ሕጉ ግን ፓርላማው እስኪለውጠው ይሠራል። እዚያ ሕገ መንግሥት የለም ማለት ስሕተት ነው፤ በአንድ ሰነድ ያልተጠረዘ፣ በሕጎች፣ በፍርዶችና በልማድ የተበተነ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ11 ዳኞች ሙሉ ድምፅ መንግሥት የፓርላማውን ስብሰባ ለጊዜው ማቋረጡን ሕገ ወጥ ብሎ እንዳልተፈጸመ ቆጥሮታል። አስፈጻሚውን ይይዛል፣ ፓርላማውን አይሽርም።

ናይሮቢ የቆመው ሥራው ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 22 ማንም መብቱ ሲነካ እንዲከስ፣ በአንቀጽ 165 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕግን ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንዲመዝን ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች 4 ለ 2 ተከፍለው የፕሬዝዳንት ምርጫን ሰርዘዋል። ተማሪዎቻችሁ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ሕግ መሻር ይችላል የተባለበትን እ.ኤ.አ. የ1803ቱን የአሜሪካ ፍርድ፣ ማርበሪ እና ማዲሰንን፣ መጥቀስ ይወዳሉ፤ ይጥቀሱ፣ ግን ከእኛ ጋር ለማስተያየት ኬንያ ትቀርባለች።

ባሕር ዳር የቆመው ቡድን ሕገ መንግሥታችንን ይዞ ይሂድ። አንቀጽ 9 የበላይነቱን፣ አንቀጽ 62 የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት መሆኑን፣ ከ82 እስከ 84 ያሉት ደግሞ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤውን ይናገራሉ። ጉባኤው 11 አባላት አሉት፤ ሰብሳቢው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ናቸው። ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለምክር ቤቱ ይልካል፣ ምክር ቤቱም በአንቀጽ 83 በ30 ቀን ውስጥ ይወስናል። አያስፈልግም ብሎ ከመለሰው ታንከኛው ለምክር ቤቱ ይግባኝ አለው። ተማሪው እዚህ የሚሳሳተው «እንግዲያው ፍርድ ቤታችን ሕገ መንግሥቱን መንካት የለበትም» ብሎ ነው። አንቀጽ 13 የመሠረታዊ መብቶችን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት በየደረጃው ባሉ የዳኝነት አካላትም ላይ ጥሏል፤ 23632 የተወሰነው በማን ሆነና?

በሦስቱ ከተሞች መካከል «የቱ ይሻላል» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ለመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች አቆዩት፤ ቀድሞ ከተነሣ አንቀጽ የሚከፍት አይኖርም።

ለምስለ ችሎት የሚሆኑ ጥቃቅኖች

በእንግሊዝ የፍትሐ ብሔር መዝገብ ስም መካከል ያለችው «ቪ» በችሎት ስትነገር «እና» ተብላ ነው፤ «ዶነሁ እና ስቲቨንሰን»። «ቨርሰስ» ያለ ተወዳዳሪ ወዲያው ይታወቃል። በማዕዘን ቅንፍ ያለው ዓመት የመድበሉ ዓመት ነው፣ ፊደሎቹ የመድበሉ ስም፣ የመጨረሻው ቁጥር ፍርዱ የሚጀምርበት ገጽ፤ ዶነሁ 1932፣ ኤሲ፣ 562 ነው። ከፍርዱ በላይ በትንሽ ፊደል የሚታተመውን ማጠቃለያ የጻፈው የመድበሉ አዘጋጅ ነው፤ እሱን እንደ ፍርድ መጥቀስ ችሎት ላይ ያሳፍራል። ሙሉ ፍርዶች በነፃ ይገኛሉ፦ የእንግሊዞቹ ቤይሊ ላይ፣ የኬንያዎቹ ኬንያ ሎው ላይ፣ የደቡብ አፍሪካዎቹ ሳፍሊ ላይ። ኔት ባለበት ቀን ለወሩ የሚበቃ አውርዳችሁ በፍላሽ አከፋፍሉ። ንባቡ በእንግሊዝኛ፣ ክርክሩ በአማርኛ ቢሆን ይሻላል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን ዝም የሚሉት ብዙ ጊዜ በደንብ ያነበቡት ናቸው። ለውድድር ሲደርሱ ወደ እንግሊዝኛ መለወጥ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው።

ለመመዘኛ ከዚህ በፊት ያላዩትን አንድ አጭር የሰበር ውሳኔ ስጡና በአንድ ገጽ ያስጽፉ፤ ፍሬ ነገር፣ ጭብጥ፣ ውሳኔ፣ ሬሺዮው በጠባቡና በሰፊው፣ ከዚያ ውሳኔው የማይሠራበት አንድ የራሳቸው ምሳሌ። ከ20 ነጥብ 8ቱ የትኛው ፍሬ ነገር ወሳኝ እንደሆነ ለመለየት፣ 6ቱ ለሬሺዮው፣ 6ቱ ለምሳሌው። «ፍርድ ቤቱ በትክክል ወስኗል» ብሎ ለሚጀምር መልስ ለዚያች ዓረፍተ ነገር ነጥብ አትስጡ፤ የተጠየቀው ያ አይደለም።